አንዲት ትንሽ የሕንድ መንደር፦ የሕዝብ ብዛቷንና የትራንስፖርት ዐምዱን እንዴት ላንብበው?

ጥያቄ (የጂኦግራፊ ተማሪ)

በሕንድ እየተማርኩ፣ በቢሃር ግዛት ስለምትገኝና ነዋሪዋ አንድ ሺህ ስለማይሞላ መንደር የመመረቂያ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ እገኛለሁ። እ.ኤ.አ. የ2011 ቆጠራ የመንደሮች ማውጫ የሕዝቡን ብዛትና የቤተሰቦቹን ቁጥር ካሰፈረ በኋላ፣ በአውቶቡስ ዐምድ «ቢ»፣ በባቡር ጣቢያ ዐምድ ደግሞ «ሲ» የሚል የላቲን ፊደል ብቻ አስቀምጧል። በኅዳር ወር መንደሯን ስጎበኝ ግን ባጃጅ ከመሐል ሠፈር ሰው ሲጭን በዓይኔ አይቻለሁ። የተሳሳተው መዝገቡ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ከዚህም ሌላ፣ የመንደሯ ሕዝብ ከ500 በላይ ሆኖ ሳለ ዳር ያለው ሠፈሯ እስካሁን መንገድ ያላገኘው ለምንድን ነው?

መልስ 1

ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። ፊደሉ የሚጻፈው አገልግሎቱ መንደሩ ውስጥ በማይኖርበት ጊዜ ሲሆን፣ «ኤ» ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ «ቢ» ከ5 እስከ 10፣ «ሲ» ከ10 በላይ ተጉዞ እንደሚገኝ ያመለክታል። እኛ በአምራቹ ስም ባጃጅ የምንለውን እነርሱ «ኦቶ» ይሉታል፤ ማውጫው ከአውቶቡስ የተለየ ዐምድ ስለሰጠው እዚያ ይመልከቱት። ትራክተርና በእንስሳት የሚጎተት ጋሪ እንኳ የየራሳቸው ዐምድ አላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ማንበብና መጻፍ የሚችሉትን ምጣኔ ሲያሰሉ ለጠቅላላው ሕዝብ አያካፍሉ። ቆጠራው ከ7 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ከስሌቱ ያወጣቸዋል፤ በትንሽ መንደር ደግሞ ይህ ውጤቱን በእጅጉ ይለውጠዋል።

መልስ 2

የመንገዱ ጉዳይ ከቆጠራው አሀድ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 የተጀመረው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መንገድ ፕሮግራም በሜዳማ አካባቢ 500፣ በተራራማና በበረሃማ አካባቢ 250 ሰው ያለበትን የሰፈራ ቦታ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት የታቀደ ነው። ልብ ይበሉ፣ «የሰፈራ ቦታ» እንጂ «መንደር» አይልም። መንደር በመሬት ግብር መዝገብ የተከለለ ወሰን በመሆኑ አንድም ሰው የማይኖርበት መንደር አለ፤ በሰሜን ሕንድ እንዲህ ያለውን «ቤ ቺራግ»፣ መብራት የሌለው፣ ይሉታል። በአንጻሩ 620 ነዋሪ ያላት መንደር በሦስት «ቶላ»፣ ማለትም በመንደሩ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ሠፈሮች፣ ተበታትና ብትገኝ፣ አንዱም ቶላ ለብቻው 500 ላይሞላ ይችላል። በሜዳማ አካባቢ በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ ሠፈሮች ሕዝባቸው ተደምሮ እንዲታይ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ዳር ያለው ግን ከዚህ ክልል ሊወጣ ይችላል። የዳሊቶች፣ ማለትም በሕንድ የዘር መደብ ሥርዓት «የማይነኩ» ተብለው ሲገለሉ የኖሩት ሰዎች፣ ቶላ ብዙውን ጊዜ ከመንደሩ ጥግ የሚገኝ በመሆኑ፣ ያዩት ሠፈር የማን እንደሆነ ማጣራትዎ ተገቢ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደቀው አራተኛው ምዕራፍ የ2011ን ቆጠራ መነሻ አድርጓል። ቀጣዩ ቆጠራ ወደ 2027 በመሸጋገሩ፣ በመካከሉ የተወለደ ሕፃን ለመንገድ አልተቆጠረም ማለት ነው።

መልስ 3

መንገድ መኖሩ ትራንስፖርት አለ ማለት አይደለም። እኔ በሐምሌ በዚያው ግዛት በነበርኩበት ጊዜ ጥርጊያው በጎርፍ ተሸፍኖ ኦቶው አስፋልቱ ዳር ይቆም ነበር፤ እናቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እስከዚያ በጭቃ ይሄዳሉ፣ ሾፌሩም ካልሞላ አይነሣም። ስለዚህ የኅዳር ጉብኝትዎ ብቻውን አይበቃም። ቢሃር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠቷንም ያስታውሱ፤ ጥቅሙ ይበልጥ የታየው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚርቅባቸው መንደሮች ነበር። እርስዎ ያነበቡት የአውቶቡስ ዐምድ ግን ስለ ብስክሌት የሚለው ነገር የለም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኦቶውን ዐምድ አገኘሁት፤ እዚያም «ቢ» ይላል፤ ስለዚህ ባጃጁ የገባው ከቆጠራው በኋላ ሳይሆን አይቀርም። በሐምሌ ተመልሼ ከዳርኛው ቶላ እስከ አስፋልቱ በእግሬ እለካዋለሁ።