አንዲት ትንሽ ሆስፒታል እንዴት ሆና ነው ሪጅኑን ሁሉ የሸፈነ ሲስተም የምትሆነው?

የማታ ፈረቃ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሰራው፣ ማታ እሰራለሁ ቀን ደግሞ ሄልዝ አድሚኒስትሬሽን እማራለሁ (መቼ ትተኛለሽ እንዳትሉኝ)። አሁን የተሰጠን አሳይመንት አንድ የከተማ ሆስፒታል እንዴት ሪጅናል ሲስተም እንደሆነ ታሪኩን መጻፍ ነው። እኛ ጋ መግቢያው ላይ አንድ የድሮ ፎቶ ተሰቅሏል፣ ባለሁለት ፎቅ ቤት፣ በሩ ላይ ነጭ የለበሱ ነርሶች ቆመዋል፣ በቃ ይሄው ነው ሆስፒታሉ። ዛሬ ያው ስም በመኪና ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ ያለ ክሊኒክ ላይ አለ፣ አምቡላንሱ ላይ አለ፣ ይባስ ብሎ የኢንሹራንስ ካርድ ላይም አለ። መሃል ላይ ምን ተፈጠረ? የኔ ግምት ሆስፒታሉ ጎበዝ ነበር፣ አተረፈ፣ ከዛ ጎረቤቶቹን ገዛ የሚል ነው፣ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ደግሞ ስግብግብነት ነው ሌላ ምንም የለውም ይላል። ሁለቱም ተደምረው አንድ ገጽ አይሞሉም። የምታውቁ እስኪ ተባበሩኝ።

ካርድ ክፍል፦
እህቴ "አተረፈ ገዛ" የሚለውን ለጊዜው አቆዪው፣ ብዙዎቹ ለትርፍ የተቋቋሙም አልነበሩ። የማዮ ክሊኒክን (ስመ ጥሩውን የአሜሪካ ህክምና ተቋም) ታሪክ ብታዪ ነገሩ ከየት እንደሚጀምር ይገባሻል። ሮቸስተር ሚኒሶታን ኦገስት 1883 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከባድ አውሎ ነፋስ መታት፣ ከተማዋ ሆስፒታል የላትም፣ ቁስለኛው የዳንስ አዳራሽ ውስጥ ተኝቶ ነው የታከመው፣ ካስታመሙት መሃል የፍራንሲስካን መነኮሳት ነበሩ። የመነኮሳቱ አለቃ ማዘር አልፍሬድ ከዛ በኋላ ዶክተር ዊልያም ዎረል ማዮ ጋ ሄደው ሆስፒታሉን እኛ እናሰራለን እርስዎ ያክሙልን ብለው ጠየቁ። ሰውየው አመነቱ፣ ከተማዋ ትንሽ ናት ወጪው ብዙ ነው፣ በዛ ላይ የዚያ ዘመን ሰው ሆስፒታልን የሚያየው እንደ መሞቻ ነው፣ አቅም ያለው ቤቱ ነበር የሚታከመው። መነኮሳቱ ግን ብሩን አጠራቅመው በ1889 ሴንት ሜሪስን ከፈቱት፣ 27 አልጋ ይዞ።

አሁን ልብ በይ፣ ሆስፒታሉ የመነኮሳቱ ነው፣ ሐኪሞቹ ደግሞ የራሳቸው ክሊኒክ አላቸው። ሁለቱ በህግ አንድ ድርጅት የሆኑት በ1986 ነው፣ ወደ መቶ ዓመት ሊጠጋ ማለት ነው! እስከዛ ምን አያያዛቸው ካልሽ እኔ በበኩሌ የበሽተኛው ካርድ ነው እላለሁ። ድሮ እያንዳንዱ ሐኪም የራሱ መዝገብ ነበረው፣ በሽተኛው ሶስት ሐኪም ካየው ታሪኩ ሶስት ደብተር ላይ ተበትኖ ይቀራል። ሄንሪ ፕለመር የሚባል ሐኪም በ1907 ለአንድ በሽተኛ አንድ ቁጥር አንድ ፋይል የሚል አሰራር አመጣ፣ ፋይሉ ሰውየውን ተከትሎ ይሄዳል። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል፣ ግን አንድን በሽተኛ ብዙ ሐኪም ተባብሮ ማየት የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው፣ ዛሬ ሁለት ሰዓት ርቆ ያለው ክሊኒክ ያንቺን ሆስፒታል ላብ ውጤት ከፍቶ የሚያየውም በዚሁ ሃሳብ ነው። በ1919 ወንድማማቾቹ ዊልያምና ቻርልስ (የሽማግሌው ልጆች) ንብረቱን ለትርፍ ላልተቋቋመ ማህበር አስረከቡ፣ በ1992 ደግሞ በዙሪያው ያሉ ከተሞች ሆስፒታልና ክሊኒኮች እየተቀላቀሉ ሪጅናል ኔትወርኩ ተጀመረ። ከ27 አልጋ እስከዛ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ፈጥነው የጻፉት ሁሉ እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ ልክ በአንድ ትውልድ ያደገ ያስመስሉታል።

ሒሳብ ሹም፦
ካርድ ክፍል ጥሩ ብለሃል ግን ማዮ ማዮ ነው፣ ሰው ከሩቅ ባቡር ተሳፍሮ የሚመጣበት ቦታ ነበር። የተራው ከተማ ሆስፒታል ታሪክ ብር ማን ከፈለ የሚለው ነው ወንድሜ።

በ1929 ዳላስ ቤይለር ሆስፒታል ለመምህራን በወር 50 ሳንቲም ክፈሉ፣ ብትታመሙ እስከ 21 ቀን እናስተኛችኋለን አለ። ብሉ ክሮስ የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ከዚህ ነው የበቀለው፣ ሆስፒታሉም ሰው ሳይታመም የሚገባ ብር አገኘ። ቀጥሎ በ1946 ሂል በርተን የሚባለው ህግ ወጣ፣ የፌደራል መንግስት ለሆስፒታል ግንባታ እርዳታ ሰጠ፣ ግቡ ለ1000 ሰው 4.5 አልጋ ነበር፣ በምላሹ ለድሃ በነጻ ወይ በቅናሽ ማከም አለብህ ተባለ። ብዙ የገጠር ከተማ የራሱ ሆስፒታል የኖረው ያኔ ነው። (ህጉ "ለየብቻ ግን እኩል" ብሎ ጥቁርና ነጭ መለየትን ይፈቅድ ነበር፣ ፍርድ ቤት ያንን የጣለው በ1963 ነው፣ አሳይመንትሽ ላይ እንዳትዘይው።) ሜዲኬር (የመንግስት የአዛውንቶች ጤና ኢንሹራንስ) በ1965 ተፈርሞ በ1966 ሲጀምር ደግሞ ሆስፒታሉ ያወጣውን ወጪ ቆጥሮ ያስከፍላል፣ ብዙ ካወጣህ ብዙ ይመለስልሃል፣ እና ማን ይቆጥብ?

ከዛ 1983 መጣ። ሜዲኬር ከእንግዲህ በበሽታው ዓይነት ቁርጥ ዋጋ ነው የምከፍለው አለ፣ በሽተኛው ሶስት ቀን ተኛ አስር ቀን ተኛ ክፍያው ያው ነው ማለት ይቻላል። ቶሎ አክሞ ማስወጣት የቻለ ተረፈው፣ ያልቻለ ከኪሱ ወጣ። ብቻውን የቆመ ትንሽ ሆስፒታል እዚህ ጋ ነው የተንገዳገደው፣ መድሃኒትና ዕቃ በጅምላ መግዛት አይችልም፣ ኮምፒውተሩ ውድ ነው፣ ኢንሹራንስ ኩባንያ ጋ ሲደራደርም እሱ አንድ ነው እነሱ ግዙፍ። በዘጠናዎቹ ማኔጅድ ኬር (ኢንሹራንሱ የት እንደምትታከምና ስንት እንደሚከፈል የሚቆጣጠርበት አሰራር) ሲጨመርበት ሁሉም ተቧደነ። ስለዚህ የስራ ባልደረባሽ ስግብግብነት ያለው ግማሹ ፍርሃት ነው። ቀሪውን ግማሽ አልከራከረውም፣ ያካባቢውን ሆስፒታል ሁሉ የሰበሰበ ሲስተም ዋጋ ሲያስጨምር ብዙ ጥናት አሳይቷል።

አዋላጅ ነኝ፦
ሁላችሁም ከላይ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። እኔ አንድ ትንሽ ሆስፒታል ማዋለጃ ውስጥ ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ፣ ትልቁ ሲስተም ሲረከበን ኬክ ቆርሰን ነበር፣ አዲስ ባጅ አዲስ ሶፍትዌር ምናምን፣ ብዙም ሳይቆይ ማዋለጃው ተዘጋ፣ ወሊድ ትንሽ ነው ሃያ አራት ሰዓት ሐኪም ማቆም አያዋጣም ተባለ። ሒሳቡ እውነት ነው አልዋሽም። ግን ምጥ የያዛት ሴት አሁን አንድ ሰዓት ትነዳለች። የራቀው አልጋው ብቻ አይደለም፣ አልጋው ይዘጋ አይዘጋ ብሎ የሚወስነው ቦርድም ነው፣ ድሮ የቦርድ አባላቱን ቤተክርስቲያን ታገኛቸዋለህ፣ አሁን ኢሜይል ነው። እሱንም ጻፊው እህቴ። ስትጽፊ ደግሞ ክሪቲካል አክሰስ የሚባለውን አትርሺ፣ በ1997 የመጣ ነው፣ ከ25 አልጋ የማይበልጥ የገጠር ሆስፒታል ከሜዲኬር ወጪው ተቆጥሮ እንዲከፈለው የሚያደርግ፣ ብዙዎቹ እስካሁን ያሉት በሱ ነው።

የማታ ፈረቃ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! አዋላጅ ነኝ ያልሽው ሆዴ ውስጥ ገባ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ የኢንሹራንስ ካርዱ። ሆስፒታል ራሱ ኢንሹራንስ ሲሸጥ ምን የሚሉት ነው? ከራሱ ጋር አይጣላም?

ሒሳብ ሹም፦
ሃሃ እሱ ነው እንግዲህ ጉዱ። በ1933 ሲድኒ ጋርፊልድ የሚባል ወጣት ሐኪም ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ የውሃ ቦይ ለሚቆፍሩ ሰራተኞች 12 አልጋ ሆስፒታል ከፍቶ ሊከስር ደረሰ፣ ከዛ በቀን ለአንድ ሰራተኛ 5 ሳንቲም አስቀድሞ ይከፈለኝ አለ። ብሩ ቀድሞ ከገባ በኋላ ጤነኛ ሰራተኛ ለሱ ትርፍ ነው፣ የተጎዳው ወጪ ነው፣ ስለዚህ አደጋ ለማስቀረት ይሯሯጥ ጀመር። ሆስፒታልና ኢንሹራንስ አንድ ላይ የያዘው ካይዘር ፐርማነንቴ ከዚህ ወጣ። አየሽ ከራሱ ጋር አይጣላም፣ እንዲያውም ያስታርቀዋል፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ።

ለአሳይመንትሽ ደግሞ ከማዮ ይልቅ ጋይሲንገር ይሻልሻል። ዳንቪል ፔንሲልቫኒያ፣ ትንሽ ከተማ፣ አቢጌል ጋይሲንገር የሚባሉ ባለጸጋ ሴት በሟች ባላቸው ስም ያሰሩት ሆስፒታል ነው፣ በ1915 የታይፎይድ ወረርሽኝ ገብቶ ሳይጠናቀቅ ነው በሽተኛ የተቀበለው። የመጀመሪያው ዋና ሐኪም ሃሮልድ ፎስ ማዮ ጋ የሰራ ነው፣ ያንን የቡድን አሰራር ይዞት መጣ፣ ካርድ ክፍል ደስ ይበልህ። ቆይቶ ብዙ ሆስፒታልና የራሱ ኢንሹራንስ ያለው ሲስተም ሆነ። በ2024 ደግሞ ካይዘር ያቋቋመው ሪዛንት ሄልዝ የሚባል ድርጅት ውስጥ ገባ። ሲሰበስብ የኖረው በተራው ተሰበሰበ።

ካርድ ክፍል፦
ደስ ብሎኛል 😂

የማታ ፈረቃ፦
ጋይሲንገርን ልይዝ ነው። በነገራችን ላይ ትናንት ሌሊት እረፍት ላይ ወርጄ የኛን ፎቶ ድጋሚ አየሁት፣ ከጎኑ ደረጃው ስር አንድ የነሐስ ሰሌዳ አለ፣ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ አንብቤው አላውቅም። አዲሱ ክንፍ በሃምሳዎቹ በፌደራል እርዳታ ተሰራ ይላል። "አዲሱ" የሚለው አሁን የልብስ ማጠቢያው ያለበት ነው።