የኤንትሬው ሞተር ጥገና እስከየት ድረስ ይሂድ? ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

ከቴክኒክ ኮሚቴ

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣

እንደምታውቁት ከማህበሩ ኤንትሬዎች (የፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪናዎች) አንዱ ዘይት መብላቱና ዳገት ላይ ውሃ ማፍላቱ ስለበዛ ሞተሩ ወርዶ ተፈቷል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሲነሳ በአምስተኛውና በስድስተኛው ሲሊንደር መካከል ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቃጥሎ፣ የሁለቱ ሲሊንደሮች ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በካርቦን ተጣብቆ፣ የውሃ መተላለፊያዎቹም በዝገትና በቅርፊት ጠበው ተገኝተዋል። ጥገናው የማይቀር በመሆኑ ልንመክርበት የሚገባው ሞተሩን ወደ ነበረበት ብቻ እንመልሰው ወይስ ከተፈታ አይቀር እናሻሽለው፣ የምናሻሽለው ከሆነስ የት ላይ እናቁም የሚለው ነው። እዚህ የምንስማማበት ነገር ለቀሩት ኤንትሬዎችም መመሪያ ስለሚሆን እያንዳንዱ አባል ሐሳቡን ከነምክንያቱ እንዲያሰፍር በአክብሮት እንጠይቃለን።

የኮሚቴው መነሻ ሐሳብ የሚከተለው ነው። የፊያት 682 ኤን 3 ሞተር ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ 11.5 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለውና በዝግታ እየዞረ የሚጎትት ሞተር ነው። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለን ከጉልበቱ ይልቅ በልከኝነቱ ስለሆነ ካሚቻው (የሲሊንደሩ የውስጥ ሽፋን)፣ ፒስተኑ፣ ፋሻውና ብሮንዙ (ኮሎው የሚዞርበት ማረፊያ) በደረጃው ተቀይሮ፣ ኮሎው (የፒስተኖቹን ግፊት ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) ተለክቶ አስፈላጊ ከሆነ ቶርኖ ገብቶ (በማሽን ተፍቆ) እንዲገጠም እንመክራለን። ቱርቦ መጨመርንም ሆነ ሌላ ሞተር መግጠምን አንደግፍም።

ከአንድ ሾፌር አባል

የኮሚቴውን ድካም አከብራለሁ፤ ነገር ግን መሪውን የያዘ ሰው የሚያየው ነገር በረቂቁ ውስጥ ስላልገባ መናገር ግድ ሆኖብኛል። እህል ጭነን ከደጀን ወደ ዓባይ ስንወርድ፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ፣ መኪናው ከአንደኛና ከሁለተኛ ማርሽ ሳይወጣ ዳገቱን ይጨርሳል። ሲኖትራኮቹ ጭነታቸውን ይዘው ያልፉናል፣ ከኋላችን ያለውም ተሽከርካሪ መንገድ ፍለጋ ጥምዝ ላይ ሊቀድመን ሲሞክር ለራሱም ለእኛም አደጋ ይሆናል። ቀርፋፋነቱ ከገበያ ብቻ ሳይሆን ከሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ አንዴ ከወረደ ቢቻል ቱርቦ ያለው ያገለገለ ሞተር ይገጠምለት፣ ካልሆነም በዚሁ ሞተር ላይ ቱርቦ ይጨመርበት እላለሁ። ወደ ነበረበት ተመልሶ እንደነበረው የሚያስቸግረን ከሆነ ወጪው ለምን አስፈለገ?

ከሂሳብ ክፍል

በሁለት ነጥብ ብቻ ላስገባ። አንደኛ፣ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ሌላ ሞተር መግጠም ማለት የመግዣውን ሰነድ አሟልቶ፣ አስመርምሮና ሊብሬውን አስቀይሮ መጨረስ ማለት ነው፤ ይህ እስኪያልቅ መኪናው ቆሞ ይከርማል። ሁለተኛ፣ ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባት በእጅጉ ስለከበደ ያለንን መኪና ማቆየት የማህበሩ ጥቅም መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ገንዘቡ የቱ ላይ ቢወጣ መኪናውን የበለጠ ያቆየዋል የሚለው ነው።

ከቴክኒክ ኮሚቴ (ምላሽ)

ወንድማችን ያነሱት የዳገቱ ጉዳይ ትክክል ነው፣ ምክንያቱንም በዝርዝር ማየት ይገባናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚሠራው አየሩ በራሱ ግፊት በሚያስገባለት መጠን ነው። ድልድዩ 1,100 ሜትር ገደማ፣ ጎሐ ጽዮን ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ መኪናው በወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጫፍ ሲደርስ ሞተሩ በባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። ቱርቦ የሚመልሰው ይህንን ነው፤ በልኩ ከተገጠመና ናፍታው ካልተጨመረ ሞተሩ ከተሠራበት አቅም በላይ አይገደድም የሚለው ክርክርም መሠረት አለው።

ያም ሆኖ የማንደግፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፋብሪካ ቱርቦ ብሎ የሚሠራው ሞተር ፒስተኑ ከሥር በዘይት እንዲቀዘቅዝ ሊደረግለት፣ የዘይት ፖምፓው ሊጠነክርለት፣ የመጭመቅ ልኩ ሊቀነስለት ይችላል፤ የእኛ ሞተር ይህ ሁሉ አልተሰላለትም። ከዚያም በላይ የሚያሳስበን ቱርቦ ከተገጠመ በኋላ የናፍታ ፖምፓዋን ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) አዙሮ ናፍታ መጨመር የአንድ ካቻቪቴ ሥራ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ፒስተን ይቀልጣል፣ ወይም ጉልበቱ ወደ ፍሪሲዮኑ፣ ወደ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ወደ ዲፈረንሲያሉ ይሻገርና በዕድሜ የደከመውን ጥርስ ይበላዋል። መለዋወጫቸውም እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ጉልበቱ ሲጨምር ጭነት መጨመርም መከተሉ አይቀርም፤ ያ ጭነት ደግሞ ከደጀን ወደ ታች ሲወርድ የሚይዘው ያው የድሮው ፍሬን ነው። ዳገቱን ያቀለለልን ቁልቁለቱን ቢያከብድብን እንደ ማሻሻያ ልንቆጥረው አንችልም።

በሌላ በኩል የወንድማችንን አስተያየት ይዘን ሞተሩን እንደገና ስናየው በመነሻ ሐሳባችን ያልጠቀስነው ትልቅ ጉዳይ አገኘን። ከታች 96 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላ ውሃ ጎሐ ጽዮን ላይ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ስለዚህ ሞተሩ በብዙ ጭንቀት በሚሠራበት ሰዓት የማቀዝቀዣው መጠባበቂያ አቅም እየጠበበ ይሄዳል፤ ይህን የሚያካክሰው ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን ነው። የእኛው ክዳን ላስቲኩ አልቆ ግፊት መያዝ ካቆመ ቆይቷል። ፖምፓዋም ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለች ስለሆነ በሳሳው አየር ውስጥ የምትረጨው ናፍታ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ይሆናል፣ የጭስ ማውጫውን ሙቀት ይጨምራል፣ ዘይቱን ያጠቁራል። ሾፌሩ የሚያየው ድካም ከፊሉ የአየሩ መሳሳት ነው፤ ከፊሉ ግን ልናስተካክለው የምንችለው ጉድለት ነው። ገንዘቡ መውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ ኮሎው አንድ ነገር እንጨምር። ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ቀለሙ ተጠርጎ፣ ነጭ ዱቄት ሲረጭበት በዓይን የማይታየው ስንጥቅ በቀይ መስመር ይወጣል። በአንገቶቹ (በብሮንዝ ውስጥ በሚዞሩት ክፍሎቹ) ማዕዘን ላይ እንዲህ ያለ መስመር ከታየ ቶርኖ መግባቱ አይረባም፤ ሌላ ኮሎ መፈለግ ይኖርብናል፣ በዚያን ጊዜም ሌላ ሞተር የመግጠሙ ሐሳብ እንደገና ሊከፈት ይገባል። ምርመራው ሳይደረግ ካሚቻም ሆነ ፒስተን እንዳይገዛ አጥብቀን እንጠይቃለን።

ከሾፌሩ አባል

ማብራሪያውን ተቀብያለሁ። የቱርቦውን ጥያቄ ትቻለሁ፤ ሆኖም ፍሬን ሞተሩ (ቁልቁለት ላይ መኪናውን በሞተሩ የሚይዘው ፍሬን) በሚገባ እንዲሠራና የሙቀት ጌጁ እንዲቀየር በረቂቁ ውስጥ በግልጽ ይጻፍልኝ። ዳገት ላይ ውሃው መፍላቱን ሾፌሩ የሚያውቀው እንፋሎቱ ከራዲያተሩ ሲወጣ ከሆነ ቴስታታው ያን ጊዜ ተጎድቷል።

የተሻሻለው ረቂቅ

ማህበሩ የኤን 3 ሞተሮቹን በፋብሪካ ልካቸው እንዲያድስ፣ ማሻሻያውም ከማቀዝቀዣው፣ ከማጣሪያውና ከናፍታ አረጫጨቱ እንዳያልፍ ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ እናቀርባለን። ከማናቸውም ግዢ በፊት የኮሎው፣ የብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) እና የቴስታታው ምርመራ ተጠናቅቆ ውጤቱ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ኮሎው ስንጥቅ ከተገኘበት ጉዳዩ ወደ አባላት ይመለሳል። የብሎኩ የውሃ መተላለፊያ በኬሚካል ታጥቦ ታፖዎቹ (የመተላለፊያው መድፈኛዎች) ይቀየራሉ፣ ራዲያተሩ ተፈትቶ ይጸዳል፣ ግፊት የሚይዝ አዲስ ክዳን ይገጠምለታል፣ ሾፌሩ ፊት ለፊት የሚያየው የሙቀት ጌጅና የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ መብራት ይገባለታል። ኢንጄክተሮቹና የናፍታ ፖምፓዋ በመሞከሪያ መሣሪያ ላይ መኪናው ለሚሠራበት ከፍታ ይስተካከላሉ፤ የፖምፓዋ ቪቴ ይታሸጋል፣ ማሸጊያው ያለ ኮሚቴው ፈቃድ አይነሳም። ፍሬን ሞተሩ በዚሁ ጥገና ውስጥ ተጠግኖ መኪናው ከመጫኑ በፊት በባዶው ዓባይን ወርዶ ይፈተናል። የመጫኛ ልኩ በሊብሬው ላይ እንደተጻፈው ይቆያል።

የምርመራው ውጤትና የሁለት ጋራዦች የዋጋ ማቅረቢያ ሲደርስ የሂሳብ ክፍል በዚሁ ረቂቅ ላይ አያይዞ ለአባላት እንዲያሰራጭ ይጠየቃል።