ክርክር፦ ልጆቻችን ክፍል ውስጥ የሰፈር እንግሊዝኛ ቢከለከሉ ጥሩ ነው?

የሊድስ እናት፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እንግሊዝ ያላችሁ ወላጆች እስቲ እንከራከር። በፈረንጆቹ 2013 በርሚንግሃም አጠገብ ሄልስኦወን ያለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆቹ የሰፈር ቃል እንዳያወሩ ከልክሎ ነበር፣ «አልችልም» ለማለት «አይ ኮር» የሚሉትን ሁሉ። በዚያው ዓመት ክሮይደን ያለ ትምህርት ቤትም «ኢኒት»ን እና «ቤር»ን ከልክሏል፣ ቤር እነሱ ጋ «በጣም» ወይም «ብዙ» ማለት ነው። እኔ እደግፋለሁ። ልጄ ምንም የለም ለማለት «ናውት» ሲለኝ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ነገ ኢንተርቪው ላይ እንዲህ ካለ ማን ይቀጥረዋል? በአክሰንታችን እኛ ያየነው አይበቃም?

የኖቲንግሃሟ፦ እህቴ ስጋትሽ ይገባኛል ግን አልስማማም። እኔ የምሠራው ኬር ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን አንዲት የ90 ዓመት እናት ጠዋት ጠዋት «አይም ነሽ፣ ዳክ» ይሉኛል እኔ ደግሞ እሺ ብዬ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ለካ ነሽ ማለት ብርድ የማይችል ሰው ነው፣ ሴትዮዋ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ይንቀጠቀጡ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። «ዳክ»ም ዳክዬ ማለት አይደለም፣ እኛ «የኔ ልጅ» እንደምንለው ነው። አይኢልትስ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፈተና ተምሬ ተፈትኜ ነው የመጣሁት፣ ይሄን የነገረኝ ግን የ8 ዓመት ልጄ ነው፣ ታዲያ ቃሉን ከአፉ ላስጥለው?

የለንደን አባት፦ ኬር ሆምና ክፍል አንድ አይደለም። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር የፈለገውን ያውራ፣ ግን ጂሲኤስኢ ላይ፣ 16 ዓመት ሲሞላቸው የሚወስዱት ፈተና ላይ፣ «ዊ ወር» በማለት ፈንታ «ዊ ዎዝ» ብሎ ከጻፈ ማርኩ ይቀነሳል፣ የኛ ልጅ ደግሞ የሚያማክረው ዘመድ የለውም። ትምህርት ቤቱ ካልከለከለው ማን ይከልክለው?

የሼፊልድ ልጅ፦ ጋሼ በአክብሮት፣ እኔ እዚህ ነው ያደግኩት። እዚህ «ናይን ዋይል ፋይቭ» ሲሉ ከ9 እስከ 5 ማለታቸው ነው፣ ሰዎቹ ተሳስተው አይደለም የዮርክሻየር አነጋገር ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንግሊዝን ዞረው ከ313 ቦታ የገጠሩን ሽማግሌ አነጋገር በደብተር መዝግበዋል፣ ተራ ነገር ቢሆን ማን ይለፋበት ነበር? እኔ ልጅ እያለሁ አንድ አስተማሪ በተናገርኩ ቁጥር ክፍሉ ፊት ቃሌን ያርመኝ ነበር፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ እጄን አላነሳሁም። መልሱን እያወቅኩት። ከጎጃም አዲስ አበባ ገብቶ በአነጋገሩ የተሳቀበት ሰው ይሄን ያውቀዋል።

የሊድስ እናት፦ ዝም ማለቱን አላሰብኩትም ነበር ወንድሜ፣ እውነት ለመናገር ልቤን ነካኝ። ክልከላ ያልኩትን ትቼዋለሁ። ጽሑፍ ላይ ግን እርማቱ ይቅር አልልም፣ ለብቻው ጠርተው ቀስ ብለው ያሳዩት።

የለንደን አባት፦ እኔ አሁንም ይከልከል ባይ ነኝ። 30 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ እያንዳንዱን ለብቻ የሚጠራ አስተማሪ ከየት ይመጣል?