እህቴን «እየጨመርሽ ተራመጂ» አሏት፤ ጥናቱ ግን ታማሚዎች የተሟገቱበት ነው ይባላል። የምታውቁ ካላችሁ?

የማርቆሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። ታናሽ እህቴ ከታመመች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ታይፎይድ ነው ተብላ ታከመች፣ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ድካሙ ግን እስከ ዛሬ አለቀቃትም። ድካም ስላችሁ ተኝተው ሲነሱ የሚጠፋው ዓይነት አይደለም። የፋሲካ ማግስት ደህና ነኝ ብላ ተነሳች። ቡናውን ራሷ ቆላች፣ ወቀጠች፣ እስከ በረካ አፈላች፣ ከጎረቤት ጋር ስትስቅ ዋለች። በማግስቱም ደህና ነበረች። በሦስተኛው ቀን ግን ከአልጋ መነሳት አቃታት። ብርሃን ስላስቸገራት መስኮቱን በጋቢ ሸፈንነው፤ ውሃ እንኳ የምትጠጣው እኔ አንገቷን ደግፌያት ነበር። እንዲህ ሆና ዘጠኝ ቀን።

ጸበል ወስደናታል፣ ደሟም ተመርምሯል። ደም ማነስ የለባትም፣ እንቅርት የለባትም፣ ስኳር የለባትም። በመጨረሻ ያያት ሐኪም ጥሩ ሰው ነው፣ ረጋ ብሎ አዳመጠን፣ ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም (ሥር የሰደደ የድካም ሕመም) ሊሆን ይችላል አለ። «በየቀኑ ትንሽ እየጨመረች ትራመድ፣ ቢደክማትም አታቋርጥ፣ እንግሊዝ አገር በጥናት የተረጋገጠ ነው» አለን። ሞከርን። መጀመሪያ እስከ ጎረቤት ደጅ፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ። በሦስተኛው ሳምንት ጭራሽ ወደቀች።

ውጭ አገር ያለ የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው «ያንን ጥናት እኮ ታማሚዎቹ ራሳቸው ተሟግተው አጋልጠውታል» አለኝ። እናቴ ደግሞ ሐኪም የተናገረውን እኛ ማን ሆነን ነው የምናፈርሰው ትላለች። መሃል ቤት ቀረሁ። እውነቱ ምንድን ነው?

ጮቄ ሥር፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ይህን ነገር የተከታተልኩት ግን የእኔም ሰው ታሞብኝ ነው። የአክስትሽ ልጅ ልክ ነው።

ጥናቱ ፔስ ይባላል። 641 ታማሚዎች የተሳተፉበት ነው፣ በ2011 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሕመሙ የሚቀጥለው ሰውየው እንቅስቃሴ ስለሚፈራና ጉልበቱ ስለላሸቀ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃቱን በንግግር ሕክምና፣ ጉልበቱን ደግሞ በየቀኑ እየጨመሩ በመንቀሳቀስ መመለስ ይቻላል። በ2013 ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ ከሁለቱ ሕክምናዎች አንዱን ካገኙት ከመቶ 22 ያህሉ አገገሙ አሉ።

ታማሚዎቹ ጽሑፉን መስመር በመስመር አነበቡት። የአካል አቅም የሚለካው ከ0 እስከ 100 ነጥብ ባለው መጠይቅ ነው። ጥናቱ ውስጥ ለመግባት ነጥብሽ 65 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፣ ማለትም በደንብ ታመሻል። «አገገመች» ለመባል በመጀመሪያው ዕቅድ የተጻፈው 85 ነበር። በኋላ 60 አደረጉት። አስቢው እስቲ። አንዲት ሴት በ65 ገብታ፣ ብሶባት በ60 ብትወጣ፣ በዚህ መለኪያ አገገመች ልትባል ነው። ማለፊያው ከመግቢያው አነሰ ማለት ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ቁጥሩን የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ተመለስኩበት።

ታማሚዎቹ ጥሬ መረጃውን ስጡን አሉ። ጥናቱን የመራው ዩኒቨርሲቲ እምቢ አለ። አውስትራሊያ የሚኖር አንድ ታማሚ በ2014 በእንግሊዝ የመረጃ ነፃነት ሕግ ጠየቀ፣ ክርክሩ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ዩኒቨርሲቲው ጠያቂዎቹን አደገኛ ሰዎች አስመስሎ አቅርቦ ነበር፤ ችሎቱ ግን የተጋነነ ነው ብሎ በኦገስት 2016 መረጃው እንዲሰጥ ፈረደ። በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት እንደገና ተሰላ። በ2018 የታተመው ውጤት፦ የንግግር ሕክምና ካገኙት ከመቶ 7፣ እየጨመሩ ከተንቀሳቀሱት ከመቶ 4፣ የሐኪም ክትትል ብቻ ከነበራቸው ከመቶ 3። ይህን ካሰሉት መካከል ታማሚዎች አሉበት።

ናይስ የሚባለው፣ ለሐኪሞች የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዝ ተቋም በ2007 ይህንኑ ሕክምና መክሮ ነበር፣ በኦክቶበር 2021 ባወጣው መመሪያ ግን እየጨመሩ ማንቀሳቀሱን አትስጡ አለ። ሐኪማችሁ ምናልባት የፊተኛውን ተምሮ ይሆናል፣ አትፍረጂበት። እህትሽን ግን ዛሬውኑ አሳርፊያት።

ቢቸና በር፦
እኔ ሐኪም አይደለሁም። ለአንድ የእግር እብጠት ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ግን ምሥራቅ ጎጃምን ቀበሌ ለቀበሌ ዞሬዋለሁ። የፈቃድ ቅጹን ከሰው ደጅ ተቀምጠን እናነባለን፣ የተስማማ ይፈርማል፣ መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያሳርፋል። አንድ አዛውንት አልረሳቸውም። አንብቤ ስጨርስ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። «ማን ልኮህ ነው? በእኔ እግር ማን ይጠቀማል?» አሉኝ። የገንዘቡ ምንጭ ቅጹ ላይ ተጽፏል፣ እኔ ነኝ በጥድፊያ የዘለልኩት። አፍሬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላቸው። ከዚያ አሻራቸውን ሰጡ።

የፔስ ታማሚዎችም የጠየቁት ይህንኑ ነው። ከዋነኞቹ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች አማካሪ ነበሩ። ኢንሹራንስ ደግሞ «ይህ ሕመም በእንቅስቃሴ ይድናል» ከተባለለት የረጅም ጊዜ ክፍያውን ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹ ይህን መጽሔቱ ላይ ገልጸዋል፤ ታማሚው ከመፈረሙ በፊት በሚሰጠው ወረቀት ላይ ግን አልነበረም። በሰው ላይ ለሚሠራ የሕክምና ጥናት የሥነ ምግባር ደንብ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ ለተሳታፊው የገንዘቡን ምንጭም የጥቅም ግጭቱንም ንገሩት ይላል፣ እነሱም ያንን መግለጫ እናከብራለን ብለው ነው ዕቅዳቸው ላይ የጻፉት። በኋላ ተመራማሪዎቹ «ኢንሹራንሶቹ በጥናቱ እጃቸው የለበትም» ብለው መልስ ሰጥተዋል። ይሁን። ያንን መመዘን የነበረበት ግን የሚፈርመው ሰው ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ከሁሉ እሱ ነው የከነከነኝ። ጥናቱ ገና ሳያልቅ ለተሳታፊዎቹ በተላከ የዜና ወረቀት ላይ ሕክምናው ረዳኝ የሚሉ የታማሚዎች ምስጋና ወጣ። ዋናው ውጤት የሚለካው እኮ «ዛሬ እንዴት ነህ?» ብሎ በመጠየቅ ነው! እኛ እንኳ ጥያቄ ስናነብ መልሱን በፊታችን እንዳንጠቁም ተብለን ሰልጥነናል። ዴቪድ ቱለር የሚባል የአሜሪካው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሰው በ2015 ይህን ሁሉ በዝርዝር ጽፎታል፤ አብዛኛውን ግን ታማሚዎቹ ቀድመው ሲጮኹበት የኖሩት ነው።

መምህር ከፍኖተ ሰላም፦
ልጆቼ፣ ያላችሁትን አነበብኩ። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ሲሰማ «ጥናት ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ የልጁን ክትባት እንዳይተው። ተመራማሪዎቹም መለኪያውን የቀየርነው ውጤቱን ከመተንተናችን በፊት ነው ብለዋል አይደል? ጽሑፉም አልተሰረዘም። የሁለቱም ወገን ይነገር።

ጮቄ ሥር፦
ጋሼ፣ ሥጋትዎ እውነት ነው። አዎ፣ እንዲያ ብለዋል፣ ጽሑፉም አልተሰረዘም፣ የሚከላከሉለት ሐኪሞችም አሉ። ግን ታማሚዎቹ ጥናት ይቅር አላሉም። ቁጥሩን ስጡንና እንቁጠረው ነው ያሉት፣ ሲሰጣቸውም ቆጠሩት። እንዲህ የሚቆጥር ሰው ከክትባት የሚሸሽ አይመስለኝም።

ደግሞ ፔስ ብቻ አይደለም። በዚሁ ሕመም በተያዙ ታዳጊዎች ላይ የተሠራ፣ በ2017 የታተመ ስማይል የሚባል ጥናት አለ። ከ100ዎቹ ልጆች ከግማሽ በላይ የተመዘገቡት ጥናቱ በይፋ ከመመዝገቡ በፊት ነበር፣ ዋናው መለኪያም መሃል ላይ ተቀየረ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን ይህን በግልጽ አልተናገረም። ያንን ጥናት ያሳተመው መጽሔት በ2019 ረጅም ማስተካከያ አወጣ። ስለ ልጆች ነው እንግዲህ የምናወራው።

ጣና ዳር፦
የማርቆሷ፣ አይዞሽ። እኔ ራሴ አራተኛ ዓመቴ ነው። ተንቀሳቀሺ እየተባልኩ ሁለቱን ዓመት ባሰብኝ፣ ሰነፍ ነኝ ብዬም አመንኩ። ያ ነው እስካሁን የሚያመኝ።

አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። እንጀራ ስጋግር ሦስት አወጣና ምጣዱን ትቼ እቀመጣለሁ፣ ሳይደክመኝ። ሽንኩርት የምከትፈው ተጋድሜ ነው። ደህና ነኝ ባልኩ ቀን ደግሞ ከሌላው ቀን የበለጠ አልሠራም፤ ከባዱ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ደህና የሆንሽ ቀን ቤቱ ሁሉ ሥራ ሆኖ ይታይሻል። እህትሽ በሦስተኛው ቀን መውደቋ የሕመሙ ዋና ምልክቱ ነው፣ ዘግይቶ ነው የሚጥለው። ቀኑን በደብተር ጻፊላት፤ ምን ሠራች፣ መቼ ወደቀች። ለሐኪሙ ከማንኛውም ወሬ በላይ እሱ ይነግረዋል።

የማርቆሷ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብተሩን ከፋሲካ ጀምሬ እያስታወስኩ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው፣ የ2021ዱን መመሪያ አሳትሜ እይዛለሁ፣ ሐኪሙ የሚሰማ ሰው ስለሆነ ያነበዋል ብዬ አምናለሁ።

ማታ ለእህቴ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማኝ። «በ65 ገብታ በ60 ብትወጣ» የሚለው ላይ ስደርስ «ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። እናቴም ከምድጃው አጠገብ ትሰማ ነበር። ጠዋት እህቴ ለመራመድ ጫማዋን ስትፈልግ እናቴ ከእጇ ተቀብላ አልጋ ሥር መለሰችው።