የእሁድ ችሎት ማመልከቻ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ (አርብ ይዘጋል)

ጸሐፊ (ሰኞ ማታ)
ረቂቁ ይኸው። አርብ ካልገባ የካውንስሉ ገንዘብ ለሌላ ማኅበር ነው የሚሄደው፣ እንደ አምናው እንዳይሆን። ሐሳቡን ታውቁታላችሁ፣ ስድስት እሁድ፣ በየእሁዱ ክራውን ኮርት ከሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ቲቪ የችሎት ድራማ አንድ ክስ። አንዱ ክስ ሦስት ክፍል ነው፣ ድሮ ረቡዕ ሐሙስ አርብ ይተላለፍ የነበረው፣ ሦስቱም ተደምሮ ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሆነ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ጁሪው፣ ማለት የሚፈርዱት ተራ ሰዎች፣ ሊመካከር ሲወጣ እናቆመዋለን፣ አስራ ሁለት ሽማግሌና እናቶች ከፊት ተቀምጠው እነሱ ይፈርዳሉ፣ ከዛ የቲቪው ጁሪ ምን እንዳለ እናያለን። የምንጠይቀው 1,800 ፓውንድ፣ አዳራሽ 540፣ የአደባባይ ማሳያ ፈቃድ 420፣ የአማርኛ ሰብታይትል 300፣ ምሳ 540። ፖስተሩም ተያይዟል።

ገንዘብ ያዥ
አዳራሹ ያ ዲፖዚታችንን የበላው ቦታ ከሆነ አልፈርምም፣ ከአሁኑ ልናገር። ፈቃዱን ግን ማንም እንዳይነካው፣ ዲስኩ ላይ ለቤት ብቻ ይላል፣ ሰማንያ ሰው ሰብስቦ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። ሁዳዴ ስለሆነ ምሳው የጾም።

የሌሊት ሺፍት
ስድስት እሁድ ያንሳል እንጂ አይበዛም። እዚህ አገር የገባሁት በፈረንጅ 1979 ነው፣ ሌሊት ቢሮ አጸዳለሁ ቀን እተኛለሁ፣ ስነሳ በምሳ ሰዓት ክራውን ኮርት ነው። እንግሊዝኛዬን ያቃናልኝ እሱ ነው ምክንያቱም ሌላው ፕሮግራም ላይ ሰው ይጣደፋል፣ ችሎት ላይ ግን አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይናገርም፣ ጠበቃው ጥያቄውን ቀስ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው፣ ምስክሩ ሲንተባተብ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆማል፣ ሙዚቃ የለ ሩጫ የለ፣ ቃሉ ባይገባኝ እንኳ ማን እንደዋሸ ይገባኝ ነበር። አባቴ አገር ቤት የታወቀ ተሟጋች ነበር፣ ነጠላውን አደግድጎ በትሩን ይዞ ተጠየቅ ሲል ሰፈሩ ሥራውን ትቶ ያዳምጠዋል። መስቀለኛ ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር እሱ ነው ትዝ የሚለኝ። ችሎቱ ያለበት ፉልቼስተር ግራናዳ ቲቪ ለድራማው የፈጠረው ከተማ ነው ይባላል፣ እኔ ግን ከማንቸስተር ይልቅ ፉልቼስተርን አውቃለሁ። ዲስኮቹ በሙሉ ቤቴ አሉ፣ የሚያሳትማቸው ኩባንያ 2023 ላይ ሳይዘጋ በፊት ነው የገዛኋቸው፣ አሁን በቀላሉ አይገኙም።

ቶተንሃም
ሰብታይትሉን እኔ እሠራለሁ፣ ለ300ውም ግድ የለኝም። የመጀመሪያውን ክስ እስከ ረቡዕ አደርሳለሁ።

የካምደኗ
እኔን የሚይዘኝ ጁሪው ነው። እውነተኛ ሰዎች ናቸው እኮ፣ ከመራጮች መዝገብ የመጡ፣ ተዋናይ የሚሆነው ሊቀመንበራቸው ብቻ ነው እሱም ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚናገር ስለሆነ። ደራሲው ሁለቱንም መጨረሻ ጽፎ ይጠብቃቸዋል፣ የትኛው እንደሚመጣ ተዋናዩም አያውቅም፣ ተከሳሹ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ብይን ሲጠብቅ ፊቱ ላይ ያለው ነገር የምር ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ዜግነት እስክታገኝ መዝገብ ላይ ስሟ ስለሌለ ማንም ለጁሪ አልጠራትም፣ አሁን ደግሞ ከ75 በላይ አይጠራም። ይኼ ፕሮግራም ለሷ አንድ ጊዜ ተቀምጣ የምትፈርድበት ነው። ማመልከቻው ላይ ይኼ ይጻፍ፣ አሁን ያለው ረቂቅ "የአረጋውያን መዝናኛ" ብሎ ነው ያለፈው።

አስተርጓሚ
ሐሳቡን ደግፌያለሁ። ፖስተሩ ላይ ያለው መዶሻ ግን ምንድን ነው?

የፖስተሩ
የዳኛ መዶሻ ነው።

አስተርጓሚ
የየት አገር ዳኛ? 19 ዓመት የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሳስተረጉም ዳኛ መዶሻ ሲመታ አይቼ አላውቅም። የአሜሪካ ነው። እዚህ ዳኛው ሊገባ ሲል በሩ ይንኳኳል፣ ሰው ይነሳል፣ በቃ። ስለ እንግሊዝ ችሎት ድራማ ፕሮግራም እያዘጋጀን የሌላ አገር ዕቃ ፖስተር ላይ መስቀል አይሆንም።

የፖስተሩ
እትዬ፣ ሰው መዶሻ ሲያይ ፍርድ ቤት መሆኑን በአንድ ሴኮንድ ያውቃል። ፖስተር የሕግ መጽሐፍ አይደለም። ሦስት ሌሊት ነው የሠራሁት።

ክሮይደን
እውነቱን ነው። ማን ያስተውለዋል? ወደ ገንዘቡ እንመለስ።

አስተርጓሚ
እኔ አስተውያለሁ። ካውንስሉ ውስጥ የሚያነበው ሰውም ያስተውላል፣ እንግሊዛዊ ነው። አምና በራሪ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስህተት ስንናገር "ማን ያስተውለዋል" ነው የተባልነው፣ መልሱ ምን እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ክሮይደን
የአምናውን አሁን ማምጣት ምን ይጠቅማል?

ገንዘብ ያዥ
ይጠቅማል አይጠቅምም እኔ አላውቅም፣ እኔ የማውቀው 200 ፖስተር ቅዳሜ ታትሞ 64 ፓውንድ ተከፍሎበታል። ከኪሴ። መዶሻው ይውጣ ከተባለ 64ቱን ማን ይመልስልኛል?

የካምደኗ
ገና ሳይጸድቅ ማን አትሙ አለ?

ገንዘብ ያዥ
ስብሰባው ላይ "ቶሎ ይታተም" ያለችው ማን ነበረች?

የሌሊት ሺፍት
እኔ ከእህቴ ጋር ነኝ፣ ከአስተርጓሚዋ። ይኼን ድራማ የምንወደው እኮ በዝርዝሩ ነው። ክራውን ኮርት የሚባለው ፍርድ ቤት ራሱ የተቋቋመው 1972 ጥር ላይ ነው፣ አሳይዝና ኳርተር ሴሽን የሚባሉት የድሮ ችሎቶች ተሽረው፣ ድራማውም እዛው ዓመት ነው የጀመረው፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው አዲሱን ፍርድ ቤት ከቲቪ ነው የተማሩት ማለት ይቻላል። አሠራሩን በትክክል ስለሚያሳይ ነው ሰው ያመነው። ጠበቃው ወዲህ ወዲያ እየተንጎራደደ አይጮህም፣ ቦታው ላይ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። አዳዲሶቹ ድራማዎች ሳይቀሩ ናቸው መዶሻ እያስገቡ የሚያበላሹት። የእኛ ፖስተር ከነሱ ጋር አይሰለፍ።

የፖስተሩ
እሺ ይውጣ። በምትኩ ዊግ ላድርግ?

ክሮይደን
ዊግ ለማሾፍ ይመስላል።

አስተርጓሚ
አያሾፍም። በወንጀል ችሎት ዛሬም ያደርጉታል፣ ከፈረስ ፀጉር የሚሠራ ነው፣ በፍትሐ ብሔር ነው ያስቀሩት። ዊግ ትክክል ነው።

የፖስተሩ
ዊጉን ሞክሬው አላማረም። ሚዛን የያዘችውን ሴት አስገብቻለሁ፣ የኦልድ ቤይሊ፣ የለንደኑ የወንጀል ፍርድ ቤት፣ ጣራ ላይ ያለችውን፣ ራምፖል የሚባለው የጠበቃ ድራማም እዛው ስለሆነ ይሄዳል። አዲሱ ተያይዟል።

አስተርጓሚ
ዓይኗን ለምን ሸፈንካት? የኦልድ ቤይሊዋ ዓይኗ አልተሸፈነም። ሄደህ ቀና ብለህ እይ።

የፖስተሩ
በቃኝ። መዶሻ ሲባል አወጣሁ፣ ሴትዮዋን ሳስገባ ዓይኗ ሆነ። ስሜን ከፖስተሩ ላይ አንሱት፣ ፋይሉን ለጸሐፊ ልኬያለሁ፣ ከዚህ በኋላ የፈለገ ይሥራው። በነፃ ነው የሠራሁት፣ አንድ ሰው እንኳን እጅህ ይባረክ አላለኝም።

ክሮይደን
ልጁን አስኮረፋችሁት። ያለን ዲዛይነር አንድ እሱ ነው።

አስተርጓሚ
እኔ ያልኩት ስህተት ነው ብዬ ነው፣ ስህተት ነው ደግሞ። ስለኔ ግን ማንም የማያውቀው ነገር አለ፣ ሳጥን ውስጥ ከቆመ የእኛ ልጅ አጠገብ ቆሜ ቃሉን ስተረጉም፣ አንዷን ቃል ባጣምም ዕድሜው እንደሚጣመም እያሰብኩ ነው 19 ዓመት የሠራሁት። "ማን ያስተውለዋል" የሚለው አነጋገር ያን ጊዜም ያመኝ ነበር አሁንም ያመኛል።

የካምደኗ
እትዬ ማንም ሥራሽን አልናቀም። ልጁም ግን ሦስት ሌሊት ደክሟል። ደውዪለት።

አስተርጓሚ (ማክሰኞ ማታ)
ደውዬለታለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ከሆነ ይቅርታ ብዬዋለሁ። ዓይኗን ግን እንዲገልጠው ነግሬዋለሁ።

ጸሐፊ (ረቡዕ ጠዋት)
እናንተ ፖስተር ላይ ሳላችሁ ፎርሙን እየሞላሁ ነው። ገጽ አራት ላይ ወጣቶችና አረጋውያን አብረው የሚሠሩት ምንድን ነው ይላል። ባዶ መተው አይቻልም። ቶተንሃም፣ የመጀመሪያው ሰብታይትል ዛሬ ነበር።

ክሮይደን
ልጆቹ ራሳቸው ለምን ችሎት አይሠሩም? በአማርኛ። አንዱ ከሳሽ አንዱ ተከሳሽ፣ እንደ ድሮው በላ ልበልሃ፣ ሽማግሌዎቹ ያለማምዷቸዋል። ያኔ ገጽ አራት ይሞላል፣ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ላይ አንድ ቃል የማያወጡት ልጆችም ይናገራሉ። የእኔ ልጅ ተከራከሪ ከተባለች ማን ያስቆማታል።

የካምደኗ
ይኼ ጥሩ ነው። ድሮ መንገደኛ አስቁመው ዳኘን ይሉ አልነበር እንዴ? እናቶቻችን ያንን ያውቁታል። ከጁሪው ጋር ይሄዳል።

የሌሊት ሺፍት
ይሁን፣ ግን ከስድስቱ እሁድ ስንቱን ይወስዳል?

ክሮይደን
ልምምድ ስላለው አራቱን። ፕሮጀክተርም ያስፈልጋል፣ ያለን አንድ ነው እሱም ቀለሙ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል።

የሌሊት ሺፍት
አራቱን? እንግዲህ ሁለት ቀረ ማለት ነው። ራምፖልስ?

ክሮይደን
ራምፖል ረጅም ነው ጋሼ፣ ቀልዱም ለሽማግሌዎቹ አይገባም።

የሌሊት ሺፍት
ለማን ነው የማይገባው? ራምፖልን የሚጫወተው ሊዮ ማከርን ዳኛው ሲቆጣው ቀና ብሎ የሚያየውን አስተያየት ለማስተርጎም ቋንቋ አያስፈልግም። አሸንፎ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን የሚፈራት አፈራርም እንደዛው። የጻፈው ሰው ጆን ሞርቲመር ራሱ ጠበቃ ነበር፣ ትንሹን ሌባ የሚያከብር ጠበቃ ነው የፈጠረው፣ ተከሳሹ ደሃም ይሁን ባለጌም ይሁን ዐቃቤ ሕግ ካላስረዳ ነፃ ነው የሚል። ከ1978 እስከ 1992 ቴምዝ ቲቪ ላይ ነበር፣ እኔ ከመጣሁ ወዲህ አንድም አላመለጠኝም። በወረቀት ጉዳይ ስንንገላታ በኖርን ሰዎች ፊት ይኼ አይገባም ይባላል?

የካምደኗ
ራምፖል ከተባለ ወርቃማው ክር የሚለው ክፍል ይሁን፣ አፍሪካ ሄዶ በሞት የሚያስቀጣ ክስ የሚከላከልበት። አገሩ ኔራንጋ የሚባል የፈጠራ አገር ነው፣ አንዳንዱ አሳሳሉ እኔን አልተመቸኝም፣ ግን ርዕሱ ከ1935ቱ የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ፍርድ የመጣ ነው፣ ማስረዳት የከሳሽ ሸክም ነው ከሚለው። ከታየ በኋላ ብዙ ያነጋግራል።

ገንዘብ ያዥ
ንግግሩ ይብቃ፣ ቁጥሩን ስሙ። ፕሮጀክተርና ስክሪን 700። አዳራሽ 540። የልጆች ምሳ 490። የቀረው 70 ነው፣ 70 የአንድ እሁድ ማሳያ ፈቃድ ብቻ ነው የሚከፍል። ሰብታይትሉን አውጥቼዋለሁ፣ ሠሪውም ስለሌለ። 64ቱ ፓውንድ የኔ ዕዳ ሆኖ ቀርቷል፣ ይኼንን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩልኝ።

የካምደኗ
ሰብታይትል ከሌለ እናቴ ምኑን ሰምታ ነው የምትፈርደው?

አስተርጓሚ
እኔ ቆሜ እያቋረጥኩ እተረጉምላቸዋለሁ። ለሥራዬም የማደርገው ይኼንኑ ነው። ክፍያ አልጠይቅም።

ጸሐፊ
ቶተንሃም አለህ? ሁለቴ ደውያለሁ አያነሳም።

ጸሐፊ (ሐሙስ ማታ)
ገብቷል። ርዕሱ "የልጆች ችሎት በአማርኛ" ነው የተባለው፣ የወጣት የሚለው ዘርፍ ውስጥ ስለገባ። አምስት እሁድ የልጆች፣ አንድ እሁድ ማሳያ። ክሮይደን፣ የልጆቹን የመጀመሪያ ክስ ጽሑፍ ላክልኝ።

ክሮይደን
ልኬያለሁ። በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ነው።

አስተርጓሚ
አየሁት፣ ጥሩ ነው። "እቃወማለሁ" እያሉ የሚጮሁትን ግን ከገጽ ሁለትና ሦስት አውጡት። እዚህ አገር ጠበቃ ብድግ ይላል እንጂ አይጮህም፣ በላ ልበልሃም ላይ የለም።

ክሮይደን
ልጆቹ የወደዱት እሱን ነው እኮ።

የሌሊት ሺፍት (አርብ)
ከስድስት እሁድ አንድ ቀረ። አዝኛለሁ፣ አልደብቅም፣ ይኼን ነገር ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ለመንኩበት። ቢሆንም ለአንዷ እሁድ ክሱን መርጫለሁ፣ ሌሊት እንደገና ሦስቱንም ክፍል አየሁት፣ ምስክሯ አሮጊት ናት፣ ጠበቃው አስር ደቂቃ ሙሉ ሊያምታታት ይሞክራል አንዴም አትነቃነቅም። የካምደኗ፣ እናትሽን ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጫት። ዲስኩን ይዤ በጠዋት እመጣለሁ፣ የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ነው?