ሽሪምፖቻችን በየሳምንቱ እያለቁ ነው፣ ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው

የማቲ እናት፣ አርሊንግተን ቨርጂኒያ
ሰላም እንዴት ናችሁ። ልጄ ለልደቱ ሌላ ነገር አልፈልግም ስላለ ቼሪ የሚሏቸውን ቀያይ ሽሪምፖች 15 ገዛንለት። ባለቤቴ "ወጥ ሊሠራባቸው ነው?" እያለ ይስቃል። ሰባት ሳምንት ሆነን፣ የቀሩት 4 ናቸው። አኳሪየሙ 10 ጋሎን ነው፣ ወደ 38 ሊትር። ውሃ በሞላን በሦስተኛው ቀን ነው ያስገባናቸው። ንጽህና ላይ አልሰንፍም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሹን ውሃ እደፋለሁ፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ቧንቧ ስር ንጹህ ውሃ እስኪወጣው አጥባለሁ፣ አዲሱን ውሃም ክሎሪኑ እንዲተን ብዬ ዓርብ ማታ በባልዲ አሳድራለሁ። እሁድ ጠዋት ስነሳ አንዱ ወይ ሁለቱ ተገልብጠዋል፣ እንደተቀቀለ ሮዝ ሆነው። ሁለቱ ደግሞ ከአንገታቸው በታች ዙሪያውን ነጭ መስመር ነበራቸው። ልጁ ማልቀስ ጀምሯል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ጉፒው፣ አዲስ አበባ
እኔ ያለኝ ጉፒ የሚሉት ትንሽ ዓሣ ነው፣ ሽሪምፕ አላውቅም። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ መቼም ጀሪካን ሞልቶ ያድራል፣ እሱኑ እጨምራለሁ፣ ምንም ሆነው አያውቁም። ማሳደርሽ ጥፋት አይመስለኝም። በረሮ መግደያ ቤት ውስጥ ነፍታችሁ እንዳይሆን?

ባለ ስፖንጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እህቴ አይዞሽ፣ እኔም የመጀመሪያዎቹን 20 እንዲሁ በንጽህና ነው የጨረስኳቸው።

ጉፒው ያለው ልክ ነው፣ ግን ለክሎሪን ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ተጣርቶ ወደናንተ የሚመጣው ውሃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ሌሊቱን በባልዲ ስላደረ ተንኖ አይሄድም። በጸደይ፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ አካባቢ፣ የፋሲካ ሰሞን በይው፣ ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ወደ ተራ ክሎሪን ይቀይሩታል። ለሽሪምፕ ሁለቱም መርዝ ናቸው። ከዓሣ መሸጫ ውሃ ማከሚያ ግዢ፣ ጠርሙሱ ላይ ክሎራሚንንም እንደሚያጠፋ መጻፉን አይተሽ። ባልዲው ውስጥ ጨምረሽ አማስለሽ፣ ከዚያ ነው ወደ አኳሪየሙ።

ዋናው ግን ፊልተሩ ነው። ስፖንጁ ላይ ያለው ቡናማ ዝቃጭ ቆሻሻ ይመስላል እንጂ የባክቴሪያዎቹ ቤት ነው፤ ከኩሳቸውና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ እሱም መርዝ ስለሆነ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። ከባዶ ተነስተው ለመብዛት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። አንቺ በሦስት ቀን አስገባሽ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየቅዳሜው ቧንቧ ስር ትፈጂያቸዋለሽ። ከራሱ ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገሽ መመለስ ይበቃል፣ እሱም በወር አንዴ።

የውሃ መለኪያ ግዢ፣ የወረቀቱን ሳይሆን የጠብታውን። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች። ከሙቁ ቧንቧም አትቅጂ፣ ከቱቦው መዳብ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ መዳብ ደግሞ ለሽሪምፕ ትንሹም ብዙ ነው። የበረሮውን ነገር ጉፒው እውነቱን ነው፣ የነፍሳት ዘመድ ስለሆኑ አይችሉትም።

ቀይዋ፣ ስቶክሆልም
ነጩን መስመር ማንም አላነሳውም። ሽሪምፕ ሲያድግ ቅርፊቱን እንደ ልብስ ያወልቃል፤ መስመሩ የሚታየው ቅርፊቱ ዙሪያውን ተሰንጥቆ እሱ ግን መውጣት ሲያቅተው ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካልሲየምና ማግኒዚየም ሲያንስ ወይም ውሃው ባንዴ ብዙ ሲቀየርባቸው ነው። ግማሹን መድፋት በጣም ብዙ ነው! በሳምንት 10 ፐርሰንት ይበቃል፣ ሙቀቱን አመሳስለሽ። እኔ አዲሱን ውሃ በቀጭን የአየር ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ነው የማስገባው፣ ቡና አፍልቼ ሦስተኛውን እስክጠጣ ያልቃል። የኛ ሰፈር ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ማዕድን እጨምራለሁ፣ አንቺ ግን ሳትለኪ እንዳትጨምሪ። ጂኤች፣ ማለትም የካልሲየምና የማግኒዚየሙ መጠን፣ ከ6 እስከ 8 ከሆነ ተዪው። ፒኤችም፣ የውሃው የአሲድነት ልክ ማለት ነው፣ ከ6.5 እስከ 8 ባለው ውስጥ ከሆነ አትነካኪው። ባዶ ቅርፊት ካየሽ ደግሞ አታውጪው፣ መልሰው ይበሉታል።

የማቲ እናት
ወይ ጉድ! ሬሳ መስሎን ጓሮ ቀብረን ማቲ አበባ አስቀመጠበት፣ ለካ ቅርፊት ነው። እኔም ጨብጬ ሳነሳው ቅልል ብሎኝ ነበር፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ።
ለካሁት። አሞኒያ 0.5፣ ናይትራይት 0.25፣ ጂኤች 7። ሙሉውን ውሃ ልቀይረው?

ባለ ስፖንጅ
እንዳታደርጊው! በየቀኑ 10 ፐርሰንት ብቻ፣ የታከመ ውሃ፣ ሁለቱም ዜሮ እስኪሉ ድረስ። ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ ቁንጥር፤ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያላለቀውን አውጪው። ጃቫ ሞስ የሚባለውን የውሃ ተክል ጣይበት፣ እላዩ ላይ ሲለቅሙ ይውላሉ። እና ልጁ ቢያለቅስም አሁን ሌላ ሽሪምፕ እንዳትገዢ።

የማቲ እናት፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ
አራቱም አሉ። አሞኒያ ዜሮ ካለ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ስፖንጁም ቡናማ እንደሆነ ነው፣ እጄን እየበላኝ ትቼዋለሁ። ትናንት ማቲ ጮኾ ጠራኝ፤ አንዷ ሆዷ ስር ቢጫ ቢጫ እንቁላል ይዛ በትንንሽ እግሮቿ ታራግበዋለች። 23 ነው ይላል፣ ዞር ስትልበት እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አሁን ምን ላድርግ?

ቀይዋ
እልልልል! ምንም አታድርጊ፣ እሷ ታውቃለች። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ነው የምትይዘው። ሲፈለፈሉ ግን 2 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው፣ ስለዚህ የፊልተሩ መምጠጫ አፍ ክፍት ከሆነ ዛሬውኑ በስፖንጅ ሸፍኚው።