የጓዳሉፔ ሸለቆ ወይን ጠጅ ጨው ጨው የሚለው ለምንድን ነው? ታሪኩስ በእርግጥ ያልተቋረጠ ነው?

ዘለላ

ሰላም ለሁላችሁ። በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ፣ ኤንሴናዳ አጠገብ ስላለው የጓዳሉፔ ሸለቆ ሁለት ነገር ግራ አጋብቶኛል። አንደኛ፣ ከዚያ የሚወጣው ቀይ ወይን ጠጅ አንዳንዱ ምላስ ላይ ጨው ጨው ይላል። ግማሹ ሰው የባሕር ነፋስ ያመጣው ነው ይላል፣ ግማሹ የውኃው ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ጠመቃው ከሚሲዮናውያን ዘመን ጀምሮ ሳይቋረጥ መጣ የሚሉ አሉ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው የተጀመረው የሚሉም አሉ። እንዴት ነው ነገሩ? ጨውስ ከሆነ መፍትሔው ማሳው ላይ ነው ወይስ መጥመቂያ ቤቱ ውስጥ?

የመዝገብ ሰው

ከታሪኩ ልጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። "ከሚሲዮን ጀምሮ" የሚለው በአብዛኛው የሌላ ሸለቆ ታሪክ ነው። ዶሚኒካውያን የተባሉ የካቶሊክ መነኮሳት በ1791 ሚሲዮን የመሠረቱት ከኤንሴናዳ በስተደቡብ ባለው በሳንቶ ቶማስ ነው፤ ቦዴጋስ ደ ሳንቶ ቶማስ የተባለው ጠማቂ ድርጅትም በ1888 የተነሣው ከዚያው ነው። የጓዳሉፔ ሚሲዮን ግን በ1834 ተቋቁሞ በ1840 ባዶውን ቀርቷል። በስድስት ዓመት ምን ያህል ወይን ሊተከል እንደሚችል መገመት ነው።

በ1905 ገደማ ከሩሲያ የተሰደዱ ሞሎካን የሚባሉ ሃይማኖተኞች ጓዳሉፔ ውስጥ መሬት ገዝተው ሰፈሩ። መጀመሪያ ስንዴ ነው የዘሩት፤ ወይኑ በኋላ ነው የመጣው። በ1928 ጣሊያናዊው አንጄሎ ቼቶ የራሱን ሥራ ቲዋና ላይ ጀመረ፤ ያኔ አሜሪካ አልኮል የከለከለችበት ዘመን ስለነበር ከድንበሩ ማዶ ያለ መጠጥ ገበያ አያጣም ነበር።

ብዙ ጽሑፍ የሚዘለው ቀጥሎ ያለውን ነው። በ1970ዎቹ የሜክሲኮ ወይን አብዛኛው የሚሄደው ወደ ብራንዲ ነበር። ለብራንዲ የሚፈለገው ብዛት ነው፤ ውኃ በገፍ ይጠጣል፣ የፍሬው ጣዕም ቀጭን ቢሆንም ማንም አይከፋም። ሜክሲኮ በ1986 ጋት የተባለውን የዓለም ንግድና ቀረጥ ስምምነት ስትቀላቀል የውጭ መጠጥ በርካሽ ገባና ብዙ ጠማቂዎች ተዘጉ። ሞንቴ ሻኒክ የተባለው ጠማቂ ድርጅት በ1987፣ ልክ በዚያ መሐል፣ ተመሠረተ፤ ያለመውም ጥቂት ምርት በጥሩ ዋጋ ለመሸጥ ነበር። ወይን ጠማቂው ኡጎ ዳኮስታ በ1988 ሳንቶ ቶማስን ለማዘመን መጣ፣ በ1997 የራሱን መጥመቂያ ካሳ ደ ፒየድራን ከፈተ፣ በ2004 ደግሞ እዚያው ሸለቆ ባለችው ኤል ፖርቬኒር ላይ "ላ ኤስኩዌሊታ" የተባለውን ማሠልጠኛ ጀመረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ሥራው ይሄ ትምህርት ቤት ነው። ወይኑን ለትልልቆቹ ይሸጥ የነበረ ገበሬ የራሱን መጥመቅ ተማረበት። ስለዚህ ተክሉ ቆይቷል፤ ለገበታ የሚሆን ወይን ጠጅ ግን በእርግጥም በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደ አዲስ ነው የተጀመረው።

ከጥያቄህ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር ልጨምር። ብራንዲ የሚወጣው ወይን ጠጁ ፈልቶ እንፋሎቱ ሲሰበሰብ ነው፤ ያኔ የሚተነው አልኮሉና ሽታው ነው፤ ጨው አይተንም፣ ማፍያው ሥር ይቀራል። ፍሬው ጨዋማ ቢሆንም ከብራንዲው ማንም አይቀምሰውም ማለት ነው።

ጠብታ መስኖ

የባሕር ነፋሱን እንተወው። ከፓሲፊክ የሚገባው ነፋስና ጉም የሚሰጠው ቅዝቃዜ ነው፤ ፍሬው አሲዱን ሳይጥል የሚበስለውም በእሱ ነው። ጨው የሚገባው በሥር በኩል ነው። ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ በአብዛኛው ዓመት ከ300 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የከርሰ ምድር ውኃው ለወይኑ ብቻ ሳይሆን ለኤንሴናዳ ከተማም ሲሳብ ኖሯል። ውኃው ሲወርድ የሚቀረው ጨዋማነቱ ይጨምራል፤ መስኖው ይተናል፣ ጨውን አፈሩ ላይ ጥሎ ይሄዳል፣ ዝናቡ ደግሞ አጥቦ ለማውረድ አቅም የለውም።

ወይን ምርቱ መቀነስ የሚጀምረው የአፈሩ ጨዋማነት (ኢሲ) ከ1.5 ዴሲ ሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 1 ጭማሪ 10 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጨውን አጥቦ የሚያወርደው ትርፍ ውኃ እንዲህ ይሰላል፦ አፈሩ እንዲኖረው የምትፈልገውን ኢሲ (ግቡን) በ5 ታባዛለህ፣ የጉድጓዱን ውኃ ኢሲ ትቀንሳለህ፣ ከዚያ የውኃውን ኢሲ ለዚህ ታካፍላለህ። ግብህም ውኃህም 1.5 ከሆኑ 1.5 ለ6 ይካፈላል፣ 25 በመቶ ይወጣል። ተክሉ 300 ሚሊ ሜትር ከፈለገ 400 ማጠጣት አለብህ ማለት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሸለቆው ያንን ትርፍ 100 ከየት ያመጣል?

በጠብታ መስኖ ጨው የሚከማቸው እርጥበቱ በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ነጭ ቀለበት ሠርቶ ነው። ካፊያ ሲመጣ ያ ቀለበት ይሟሟና ወደ ሥሩ ይመለሳል። ስለዚህ ትንሽ ዝናብ ሲጥል መስኖውን አትዝጋ፤ ክፈተው፣ ጨው ወደ ውጭ እንደተገፋ ይቆይ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና ከዝናብ ማግስት ቅጠሉ ሲቃጠል ይደነግጣል። የክሎራይድ (ከጨው ሁለት ክፍሎች አንዱ፣ ሌላው ሶዲየም ነው) ቃጠሎ ከአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ይጀምርና ወደ መሐል ይገባል። ጂፕሰም (አፈር ላይ የሚበተን የካልሲየም ማዕድን) የሚረዳው ሶዲየም አፈሩን ሲያደድረው ነው፤ ክሎራይድን አያስወጣም።

ጋን

የመጥመቂያ ቤቱን ድርሻ ልሙላ። ክሎራይድና ሶዲየም ከጭማቂው ይልቅ ልጣጩ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ነጭ ወይን ወዲያው ተጨምቆ ከልጣጩ ይለያል፤ ቀዩ ግን ከልጣጩ ጋር ስለሚፈላ ጨውን አብሮ ይስባል። የቀመስከው ቀይ መሆኑ ለዚህ ነው። የሚደረጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ልጣጩ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር፣ የመጨረሻውን የጭመቅ ወይን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ፍሬው ዛፉ ላይ ሳይጨማደድ መልቀም (ውኃው ሲወጣ ጨው ይወፍራል)፣ ማጥሪያ ሸክላውን ከሶዲየም ቤንቶናይት ወደ ካልሲየም ቤንቶናይት መቀየር። ሌላው ማዋሐድ ነው፤ ጨዋማውን በርሜል ጨዋማ ካልሆነው ጋር። አንዴ ከገባ ያለ ውድ መሣሪያ አይወጣም። ለማነጻጸር ያህል፣ አውስትራሊያ በሕግ የፈቀደችው በሊትር እስከ 1 ግራም ነው፣ በገበታ ጨው ተሰልቶ። ፍሬው ሳይለቀም ክሎራይዱን ማስለካት ከሁሉም ይቀላል፤ የትኛው ረድፍ ለብቻው መፍላት እንዳለበት ቀድሞ ይታወቃል።

ዘለላ

እጅግ አመሰግናለሁ። የቆመ ተክል ላይ ሥሩን ጨው በሚችል ሩትስቶክ (ሌላ ዝርያ የሚዳቀልበት ሥርና ግንድ) መቀየር ይቻላል?

ጠብታ መስኖ

ከላይ ያለውን ዝርያ ቆርጦ በሌላ ማዳቀል ቀላል ነው፤ ሥሩ ግን ያው ይቆያል። ሥር ለመቀየር የሩትስቶክ ችግኝ ከግንዱ አጠገብ ትተክልና ጫፉን ግንዱ ላይ ታዳቅላለህ። ይሠራል፣ ግን ዛፍ በዛፍ ስለሆነ ለጥቂት አሮጌ ዛፎች እንጂ ለሄክታር አይሆንም። ለማሳ የሚያዋጣው ነቅሎ በየክፍሉ መትከል ነው። ክሎራይድን ከሚከለክሉት የሩትስቶክ ዝርያዎች ራምዚ፣ 1103 ፖልሰንና 140 ሩጄሪ ይጠቀሳሉ። ራምዚ ጉልበተኛ ስለሆነ ቅጠል ያበዛል፤ ለቀይ ወይን ከሆነ ከ1103 ብትጀምር ይሻላል። አሮጌውን ስትነቅል ደግሞ አዲሱን ከመትከልህ በፊት አንድ የዝናብ ወቅት አሳልፍ፣ የአፈሩን ኢሲ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት አስለካ።